የማይጨምቀው ማሽን

እናቴና አክስቴ የሚነጋገሩት አንሶላ ሲጨምቁ ብቻ ነው። ለሰው ስናገር ቀልድ ይመስለዋል፤ ቀልድ አይደለም። አንዷ አንዱን ጫፍ፣ ሌላዋ ሌላውን ጫፍ ይዘው ግቢው መሀል ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዷ ወደ ቀኝ ሌላዋ ወደ ግራ ይጠመዝዛሉ። ውሃው መንጠባጠብ ሲጀምር የእነሱም አፍ ይፈታል። ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ ጣሪያው የቱ ጋ ያፈሳል፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይወራል። አንሶላው ገመድ ላይ ሲሰጣ ወሬውም ያበቃል። አንዷ ወደ ቤት፣ ሌላዋ ወደ ጓሮ ክፍሏ ትገባለች፤ እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ይተላለፋሉ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ቤተሰቡ ሁሉ እትዬ ይላታል። አባቴ የሞተ ዕለት፣ ቤቱ በሰው እንደተሞላ፣ እናቴ ፊት ቆማ፣ "ወንድሜን የገደልሽው አንቺ ነሽ! ቶሎ ሐኪም ቤት ብትወስጂው ይተርፍ ነበር!" አለቻት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉን ማንም ሊመልሰው አልቻለም። እናቴ መልስ አልሰጠችም፣ አላለቀሰችም። ዝም አለች፤ ዝም እንዳለችም ቀረች። ዘመድ መከረ፣ ጎረቤት ለመነ፣ እኛ ልጆቿ እግሯ ላይ ወደቅን፤ ወይ ፍንክች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነና ሁሉም ተወው።

እርጥብ ብርድ ልብስ ግን ለብቻ አይጨመቅም። ከለቅሶው በኋላ በመጀመሪያው እጥበት እናቴ የአባቴን ብርድ ልብስ ከሳፋው ልታነሳ ስትታገል እትዬ ከክፍሏ ወጣችና ሳትናገር አንዱን ጫፍ ያዘች። እናቴ፣ "ጠበቅ አድርጊው" አለች፤ የምታየው ብርድ ልብሱን ነበር። እትዬም ብርድ ልብሱን እያየች "እሺ" አለች። ቤታችን ከዚያ ቀን ወዲህ የሚተዳደረው በዚህ ሕግ ነው። ለተራ ወሬ አንሶላ ይበቃል። ከበድ ያለ ጉዳይ ሲመጣ ግን ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ወንድሜ ሊያገባ ሲል ንጹሕ ብርድ ልብስ ከቁም ሳጥን ወጥቶ ታጥቧል። እኔ አላገባም ያልኩ ጊዜማ መጋረጃው ሳይቀር ወርዶ ታጠበ፣ እኔም በመስኮት ሆኜ ስጨመቅ አየሁ።

የምሠራው መነጽር ቤት ነው፤ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ቀኑን ሙሉ መስታወት ስሞርድ እውላለሁ። ከሥራ ስወጣ ዓይኔ ስለሚደክም የነገር ሁሉ ጠርዝ ደብዘዝ ይላል፤ የመንገዱ ሰው ውሃ ውስጥ የሚሄድ ይመስለኛል። ያን ሰዓት እወደዋለሁ። እንደዚያ ሆኜ አንድ ቀን ግቢ ስገባ ሁለቱ አሮጊቶች ነጭ አንሶላ በመካከላቸው ዘርግተው አየሁ፤ አንሶላው ያለ ሰው የሚንሳፈፍ መስሎኝ ለአፍታ ቆምኩ። ቀርቤ ሳይ ግን የእናቴ ጣቶች ተሰነጣጥቀዋል፤ የእትዬም አንጓዎች አብጠዋል። ትዕግሥት ሲታደል እኔ አልነበርኩም። ያኔውኑ ለወንድሜ ደወልኩና፣ "የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንገዛለን። ስለ ገንዘቡ አታልቅስብኝ" አልኩት።

ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ይወዳል። "ታዲያ የቀሩት አርባ ስምንቱ የት አሉ?" አለና ሳቀ፤ ግን እምቢ አላለም።

ሱቅ ስንሄድ ሁለቱንም ወሰድናቸው። ማሽኖቹ በረድፍ ቆመዋል፤ ሁሉም ደረታቸው ላይ ክብ መስኮት አላቸው፣ በእያንዳንዱ መስኮት ውስጥ የእኛ ፊት ትንሽ ሆኖ ይታያል። እናቴ ምንም አልጠየቀችም። "እጄ ምን ሆነና?" እያለች ብቻ ወደ በሩ ታያለች። እትዬ ግን አንዱን ማሽን በጣቷ ነካ አደረገችና ሻጩን፣ "ለመሆኑ ይጨምቃል?" አለችው።

ሻጩ ደስ አለው። "ይጨምቃል ብቻ? እናቴ፣ እርስዎ እጅዎን አያስነኩም። ድርቅ አድርጎ ነው የሚያወጣልዎት!"

እናቴ ዞራ እትዬን አየቻት። እትዬም አየቻት። መሀላቸው አንሶላ ሳይኖር ሲተያዩ የዚያን ቀን ነው ያየሁት። እኔ ደስታ መስሎኝ ከፈልኩ።

ቤት ስንመለስ እትዬ ወደ ክፍሏ ጠራችኝ። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ቀሚሷን በእጇ ትዳብሳለች።

"ልጄ፣ ሴቷ ልጄ ከእኔ ጋር ኑሪ እያለች ሁልጊዜ እንደምትደውልልኝ ታውቂያለሽ" አለችኝ። ልጇ የምትኖረው ሩቅ ከተማ ነው። "እስካሁን እሺ ያላልኳት እዚህ ሥራ ስላለኝ ነበር። እንግዲህ ማሽኑ ከመጣ፣ እኔ እዚህ ቤት ምን እሠራለሁ?"

"አርፈሽ ትቀመጫለሻ!"

"አርፎ የሚቀመጥማ እንግዳ ነው" አለችና መስኮቱን ማየት ጀመረች።

የዕድሜ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። አዲስ ነገር ሲገባ ትልልቅ ሰው ያኮርፋል፣ ኋላ ይለምዳል፤ ቴሌቪዥኑም ሲገባ እንዲሁ ነበር።

ማሽኑ መጣ። ወንድሜና አንድ ጓደኛው እንደታመመ ሰው ደግፈው አስገቡት። መታጠቢያ ክፍሉ ጥግ ተቀመጠ፣ ቧንቧው ተገጠመ፣ ሶኬቱ ተሰካ። ለመጀመሪያው እጥበት ሁላችንም ዱካ ይዘን መስኮቱ ፊት ተቀመጥን። ውሃው ቀስ ብሎ ከታች መጣ። ልብሱ ከበደ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ መዞር ጀመረ። አረፋው መስታወቱን ሲሸፍነው ክፍሉ ሁሉ ነጣ። የውሃው ድምፅ እንቅልፍ ያመጣል፤ ወንድሜ አፉን ከፍቶ ተኛ። እኔም የነቃሁ አልመስል እያለኝ ሳይ፣ ከአረፋው መሀል የአባቴ ባለመስመር ሸሚዝ ብቅ አለ። ማንም አይለብሰውም፤ እናቴ ግን በየእጥበቱ ታጥበዋለች። እጅጌው ወደ መስታወቱ መጣ፣ ለጠፍ አለ፣ ሄደ። ደግሞ መጣ። እትዬ እጇን ወደ መስታወቱ ሰደደችና ሳትነካው መለሰችው። እናቴ ቀና ብላ አላየቻትም፤ ግን መተንፈሷን ስታቆም ሰማሁ። ከዚያ ውሃው ወረደ፣ ማሽኑ እየጮኸ ተሽከረከረ፣ ሁሉም ነገር አንድ ግራጫ ክብ ሆነ። ሲያበቃ አጭር ዜማ አሰማ። ሸሚዙን አወጣሁት፤ ሊለበስ የደረሰ ነበር።

በሚቀጥለው እጥበት ከሥራ ስመለስ ግቢው በውሃ ርሷል። ሁለቱ ሴቶች አንሶላውን ጠምዝዘው እንደ ገመድ አድርገውታል፤ የጎረቤት ድመት መውለዷን እያወሩ ነው።

"ምን ሆናችሁ ነው? ማሽኑስ?" ብዬ ጮህኩ።

"ማሽንሽ አይጨምቅም" አለች እናቴ። እንደዚያ ደስ ብሏት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

"እንዳለ ውሃውን ይዞ ነው ያወጣው፣ ሞት ይርሳኝ!" አለች እትዬ ለአንሶላው።

የታጠበ ነገር ሁሉ እንደገና ወጥቶ ታጠበ፤ በየእጥበቱም ያው ሆነ። ማሽኑ ያጥባል፣ ይለቀልቃል፣ ሊጨምቅ ሲል ድርግም ይላል። እኔ ነደድኩ። ሱቁ ጋ ደውዬ ያልተናገርኩት ነገር የለም። ጠጋኝ ላኩልኝ፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ገና ከመቀመጡ እናቴ ሻይ አመጣችለት። ወዲያው እትዬ ሌላ ሻይ ይዛ መጣች፤ ሳይነጋገሩ እንዴት ይወቁት? ሰውየው አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን አየና ሁለቱንም ጠጣ። ከዚያ ማሽኑን አስነሣው። እስከ መጨረሻው ዞረ፣ ጮኸ፣ ጨመቀ።

"ጤነኛ ነው" አለኝ። "ቤት ውስጥ የሚነካካ ትንሽ ልጅ አለ?"

"ኧረ የለም። እኔ፣ እናቴና አክስቴ ብቻ ነን።"

"እንግዲያው መሀል ላይ የሚያጠፋው ሰው ነው" አለና ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። "ለማንኛውም የልጅ መቆለፊያ አለው። እነዚህን ሁለት ቁልፎች አብረሽ ስትጫኚ ሥራውን ሳይጨርስ ማንንም አይሰማም።"

በሩ ላይ ሁለቱ ሴቶች ባዶ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል። ሁለቱም ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

አላመንኩትም። እንደገና የእጥበት ቀን ሲደርስ ሥራ አልገባሁም ነበርና ኮሪደሩ ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ በመታጠቢያ ክፍሉ መስኮት ገብታ የማሽኑን መስታወት ነክታዋለች፤ ግድግዳው ላይ የውሃ ጥላ ይዋልላል። ማሽኑ እንደሚያንጎራጉር ሰው ሹክ ይላል። ሽልብ አደረገኝ። በእንቅልፌና በንቃቴ መሀል እትዬ ጫማዋን አውልቃ ስትገባ አየሁ። ውሃው እስኪወርድ ጠበቀች። ሊጨምቅ አንዴ ሲያጓራ ጣቷን ዘርግታ አጠፋችው። ከዚያ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ቆየች፤ ለሰው ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስል ነበር። ሕልም መስሎኝ ዝም አልኩ። ስነቃ ከግቢው የሁለቱ ድምፅ ይሰማኛል፤ አንሶላው ተይዟል።

መጀመሪያ አንጀቴን በላችው። ቀጥሎ እልሄ መጣ። እጇ ያበጠ አሮጊት፣ ያውም ለእሷ ብለን የገዛነውን! ማረፍ እንዴት እንደሆነ አንዴ ብታየው ትለምደዋለች አልኩ። በሚቀጥለው እጥበት ማሽኑን አስነሣሁና ሁለቱን ቁልፎች አብሬ ተጫንኩ፤ ትንሽ መብራት በራች። ከመጋረጃው ጀርባ ተመልሼ እትዬን ጠበቅኩ።

የመጣችው እናቴ ናት።

ግራና ቀኝ አየች። ውሃው ሲወርድ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ አልሰማትም። ደግማ ተጫነች። ማሽኑ ማጓራት ሲጀምር በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፣ "ተው እንጂ! ቁም! በናትህ ቁም!" አለችው። እናቴን ስትለምን ሰምቼ አላውቅም፤ ሐኪም ቤት እንኳ፣ አባቴ አልጋ አጠገብ፣ ማንንም አልለመነችም። ከወንበሬ ልነሣ ስል የእግር ኮቴ ተሰማ። እናቴ ፎጣ አነሣችና የምታጥፍ መሰለች። እትዬ ገባች፤ እናቴን ስታይ በሩ ላይ ደረቀች። እንግዲህ ሁለቱም ለአንድ ሥራ መጥተዋል፣ አንዷ የሌላዋን አታውቅም። ማሽኑ መሀላቸው ሆኖ ወለሉን እያንቀጠቀጠ ጨመቀ። እጃቸውን አንጠልጥለው እስኪያበቃ ቆሙ። ዜማው ተሰማ።

እትዬ የማሽኑን መስኮት ከፍታ ትልቁን አንሶላ አወጣች። ግቢ ይዛው ወጣች፤ እናቴ ተከተለቻት፤ እኔም ከኋላ። እትዬ አንዱን ጫፍ ይዛ ሌላውን ዘረጋችላት። እናቴ ተቀበለች። ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ጠመዘዙ። አንዲት ጠብታ አልወጣም። አጥብቀው ጠመዘዙ። የእትዬ አፍ ተከፈተ፣ ምንም ሳይወጣው ተዘጋ። እናቴም ከንፈሯን አርጥባ አንሶላውን አየች። ፀሐይ አንሶላው ላይ ነጭ ሆና ተኝታለች፣ ግቢው ፀጥ ብሏል፣ መሬቱ ደረቅ ነው።

እትዬ ጫፏን ለቀቀች።

"በቃ" አለች ወደ እኔ ዞራ። "ለልጄ ደውይልኝ። ነገ እሄዳለሁ በያት።"

ተከትያት ክፍሏ ገባሁ። ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትታ ልብሷን መክተት ጀምራለች። "እትዬ፣ በሞቴ! ማሽኑን እንመልሰዋለን። ዛሬውኑ! ካልፈለጋችሁት እሰብረዋለሁ!" አልኳት።

"ማሽኑ ምን አደረገ? ሥራውን ሠራ" አለች። "እኔ ነኝ ሥራ የፈታሁት።"

ይህን ስትል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። እናቴ ነበረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ የዚያን ክፍል ደፍ ረግጣ አታውቅም። ባዶ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷታል፤ ቀሚሷ ላይ ትጠርገዋለች፣ ታቆላልፈዋለች፣ ትፈታዋለች።

"እኔ ነበርኩ የማጠፋው" አለች።

እትዬ ቀና አለች። "ምኑን?"

"ማሽኑን። እንዳይጨምቅ።"

"ውሸትሽን ነው! ያጠፋሁት እኔ ነኝ!"

"እንዴ! በዚህች ጣቴ!"

"አንቺ መቼ? እኔ በየእጥበቱ ጫማዬን አውልቄ..."

"አንዳንዴ ስመጣ ጠፍቶ አገኘዋለሁ፤ መብራት ሄዶ መስሎኝ ነበር እኮ!"

ሳቄ አመለጠኝ። እነሱ ግን አልሳቁም። ያለ አንሶላ እየተነጋገሩ መሆናቸውን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያወቁ መሰለኝ። እትዬ በእጇ የያዘችውን ሹራብ አልጋው ላይ አስቀመጠችና ራሷም ተቀመጠች።

"ያን ቀን በሰው ፊት የተናገርኩሽ..." አለች።

"ተይው።"

"አልተወውም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ስንት ዘመን ፈለግሁ። አንሶላው ላይ ዛሬስ እጠይቃታለሁ እላለሁ፤ ዙሪያውን ስዞር ውሃው ያልቅብኛል።" ወደ እናቴ ቀና አለች። "ወንድሜ ምን አለ? ሲያመው። እኔ ጫማ ልገዛለት ወጥቼ፣ እሱ መራጭ ነው ብዬ ከሱቅ ሱቅ ስዞር... ምን እያለ ነበር?"

እናቴ የበሩን መቃን ያዘች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ግን ፍርሃት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ቂም ያልነው ፍርሃት ነበር።

"አትጠይቂኝ" አለች።

"ጠየቅሁሽ።"

"ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። ልብሱን አለበስኩት፣ መኪና አስጠራሁ። አሁን አይደለም አለኝ።" እናቴ መሬት መሬቱን እያየች ነበር። "እህቴ ትምጣና ከእሷ ጋር እንሄዳለን፣ አሁን ትደርሳለች አለኝ። ጠበቅንሽ።"

እትዬ ሹራቡን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

"ይህን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ልመልስልሽ እችል ነበር" አለች እናቴ። "አፌ ድረስ መጥቷል። ብነግራት ትሞትብኛለች አልኩ። ዝም ካላልኩ አንድ ቀን ያመልጠኛል ብዬ ነው፣ ሌላ አይደለም።"

እትዬ አልጮኸችም። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ወለሉን አየች። እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም። ልደግፋት ተራመድኩ፤ በዓይኗ አቆመችኝ። ከዚያ ሻንጣውን በእግሯ ገፋ አደረገችና አልጋው ላይ ፈቀቅ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች። እናቴ ገብታ ተቀመጠች። ትከሻቸው ተነካካ።

"ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለች እትዬ። "አንድም ሳታስቀሪ።"

እናቴ እጇን የምታኖርበት እንዳጣች ነበር። እትዬ ስባ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

"ጠዋት ሲነሣ ደህና ነበር" ብላ እናቴ ጀመረች።